የድሮ ካርቱን በኮምፒውተር አኒሜሽን፦ ከስድስት ፊልሞች የትኛው ለየትኛው ቤት?

ስኩቢ-ዱን፣ ስኑፒን ወይም ቲንቲንን በልጅነቱ የወደደ ሰው ያንኑ ስም በአዲስ ፊልም ላይ ሲያገኘው ብዙ ሳይመረምር ይከፍተዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ስም ሦስትና አራት ፊልም ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ከተዋንያን ጋር የተቀላቀለ፣ ሌላው ከዳር እስከ ዳር በኮምፒውተር የተሠራ ይሆናል። የስመርፎች የ2011 እና የ2013 ፊልሞች ሰማያዊዎቹን ፍጥረታት ከእውነተኛ ሰዎች ጋር በከተማ ያንከራትቷቸዋል፤ በ2017ቱ ግን አንድም የሚታይ ተዋናይ የለም። የጋርፊልድ የ2004 እና የ2006 ፊልሞችም ቅይጥ ናቸው፣ የ2024ቱ ሙሉ አኒሜሽን ነው። ስለዚህ ከፖስተሩ በፊት መታየት ያለበት የወጣበት ዓመት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከታች የሚነጻጸሩት ስድስት ሙሉ አኒሜሽኖች ናቸው፦ ስኩብ (2020)፣ ፒነትስ (2015)፣ ስመርፎች፦ የጠፋው መንደር (2017)፣ ሚስተር ፒቦዲና ሸርማን (2014)፣ ጋርፊልድ (2024) እና የቲንቲን ጀብዱዎች (2011)። የ2021ዱ ቶምና ጄሪ ከዝርዝሩ የቀረው ሰዎቹ ሁሉ እውነተኛ ተዋንያን ስለሆኑ ነው። እንስሳቱ ብቻ ካርቱን ናቸው፣ ታሪኩም ሰፊውን ጊዜ የሚሰጠው ሆቴል ውስጥ ለሚሠሩትና ሠርግ ለሚደግሱት ሰዎች ነው። ድመትና አይጥ ሲባረሩ ለማየት የተቀመጠ ልጅ በመሃል መሰልቸቱ አይቀርም። ለእሱ ከ1940 ጀምሮ የተሠሩት አጫጭር ካርቱኖች ይሻሉታል።

በምን እናወዳድራቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ፍርሃትና ሐዘን ነው፣ እሱም የት ቦታ ላይ እንደሚመጣ። የአሜሪካው የፊልም ደረጃ ብዙ አይረዳም። ከስድስቱ ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል የሚለውን «ጂ» ያገኘው ፒነትስ ብቻ ነው፤ የቀሩት አምስቱ «ፒጂ» ናቸው፣ ማለትም የወላጅ ምክር ያስፈልጋል። ግን ጋርፊልድና ቲንቲን አንድ ዓይነት ማኅተም ይዘው በአንደኛው ድመቶች ወተት ሊሰርቁ ይገባሉ፣ በሌላው ሰው በር ላይ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ማኅተሙ አንድ ስለሆነ ይዘቱ አንድ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ፊልሙ በንግግር ላይ ያለው ጥገኝነት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ልጁ የፊልሙን ቋንቋ የማይሰማ ከሆነ ወይም የግርጌ ጽሑፍ ለማንበብ ገና ከሆነ፣ ቀልዱ በቃላት ጨዋታ የተሠራ ፊልም አይያዘውም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከፊልሙ መሃል የተወሰደ የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ድምፁን አጥፍተው ያሳዩት። ምን እየሆነ እንዳለ መናገር ከቻለ ፊልሙ ይሆነዋል። ለዚህ ሙከራ የማስታወቂያ ቁርጥራጭ አይጠቀሙ፤ ማስታወቂያ ሁልጊዜ ምርጥ ምርጡን መውደቅና መጋጨት መርጦ የሚለጥፍ ነው።

ሦስተኛው የቀድሞ ትውውቅ ነው፣ ድሮውን ሳያውቁ ፊልሙ ይገባል ወይ የሚለው። አራተኛው ደግሞ ለወላጅ የሚመለከት ነው፦ ገጸ ባሕርዩ መልኩንና ጠባዩን ይዞ መጥቷል ወይስ ስሙን ብቻ? የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፤ ከወላጅ የሚሰማው ቅሬታም ባብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ርዝመት አምስተኛው ነው፣ እሱን ሰንጠረዡ ይናገራል።

ስኩብ፦ ብዙ የጨመረው

ስኩቢ-ዱ በ1969 በካርቱን ስቱዲዮው ሀና-ባርቤራ ሲጀመር ቀመሩ የታወቀ ነበር። አራት ወጣቶችና አንድ ፈሪ ውሻ በመኪናቸው እየዞሩ ጭራቅ ያሳድዳሉ፤ በመጨረሻ ጭንብሉ ሲገፈፍ ጭራቁ ሰው ሆኖ ይገኛል። ፊልሙ ይህን ቀመር በመክፈቻው በሚገባ ይሠራበታል፦ ሻጊና ቡችላው ስኩቢ ባሕር ዳርቻ ላይ ይገናኛሉ፣ በሃሎዊን ሌሊት ከፍሬድ፣ ከዳፍኒና ከቬልማ ጋር ይተዋወቃሉ፣ የመጀመሪያው ጭንብል ይገፈፋል። ያ ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የተሻለው ነው ብንል አላጋነንንም።

ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ ወደ ልዕለ ጀግና ታሪክ ይዞራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሠሪዎቹ የሀና-ባርቤራን ሌሎች ገጸ ባሕርያት በአንድ ዓለም ሊሰበስቡ ፈልገዋል። ክፉው ዲክ ዳስታርድሊ ከ1968 የመኪና ውድድር ካርቱን የመጣ ነው፣ ብሉ ፋልከንና ሮቦት ውሻው ዳይኖመት ከ1976፣ ካፕቴን ኬቭማን ከ1977። ለእነዚህ ሁሉ ቦታ ለመስጠት የአምስቱ ጓደኞች ቡድን ለሁለት ተከፍሏል፦ ሻጊና ስኩቢ በብሉ ፋልከን በራሪ መንኮራኩር ላይ፣ ሦስቱ ፍለጋ ላይ። ምርመራና ጭንብል የሚወድ ልጅ የሚጠብቀውን ግማሹን ያጣል። መንኮራኩር፣ ሮቦትና ግጥሚያ የሚወደው ግን ይደሰታል፣ ድሮውንም ማወቅ አያስፈልገውም። ዳስታርድሊን አይቶ ፈገግ የሚለው ወላጁ ነው።

አስፈሪው ክፍል ሁለት ቦታ ነው። አንዱ በቦውሊንግ ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ሮቦቶች ሁለቱን ሲያሳድዱ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ ባለ ሦስት ራሱ ውሻ ሴርበረስ አቴንስ ላይ ሲለቀቅ። ሁለተኛው ረዘም ያለና ጨለማ የበዛበት ነው። ከሴርበረስ በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች የሚለያዩበት ቅጽበት አለ፤ በጥቂት ደቂቃ ይፈታል፣ ሆኖም ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደቂቃዎቹ ይረዝማሉ። ቀልዱ ከእንቅስቃሴም ከንግግርም ነው፤ በታዋቂ ሰዎችና በጊዜው ወሬ ላይ የተሠራው ክፍል ለልጅ አይገባውም፣ ለአዋቂም ቶሎ የሚያረጅ ዓይነት ነው።

ድምፅን በተመለከተ፣ ስኩቢ ሆኖ የሚናገረው ፍራንክ ዌልከር በ1969ኙ የመጀመሪያ ተከታታይ ላይ ፍሬድን የተጫወተ ነው። ሌሎቹ ድምፆች በታዋቂ ተዋንያን ተተክተዋል። የሻጊን የቆየ ድምፅ በጆሮው የያዘ ወላጅ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል።

ፒነትስ፦ ምንም መጨመር ያልፈለገው

ይህ የስኩብ ተቃራኒ ነው። ቻርልስ ሹልዝ የቻርሊ ብራውንንና የውሻውን የስኑፒን የጋዜጣ ካርቱን ከ1950 እስከ 2000 ብቻውን ሣለው፤ የፊልሙን ጽሑፍ ከጻፉት መካከል ልጁና የልጅ ልጁ አሉበት። ስልክ የሚነካካ ልጅ የለም፣ የጊዜው ዝነኛ አይጠራም። የአዋቂ ንግግር እንደ ድሮው የትሮምቦን ድምፅ ነው። የስኑፒና የወፉ ጓደኛው የዉድስቶክ ድምፅ ቀድሞ ካርቱኖቹን ይመራ ከነበረው ከቢል መሌንዴዝ የተቀመጠ ቅጂ የተወሰደ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አሠራሩ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፣ የኮምፒውተር አኒሜሽንም አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ምስል ገጸ ባሕርዩን ያንቀሳቅሰዋል። እዚህ ላይ እንደ እጅ ሥዕል አንዱ አቋቋም ለሁለት ሁለት ምስል ይያዛል፤ እንቅስቃሴ ሲፈጥን የሚመጣው ብዥታም ቀርቷል። ዓይንና አፍ ፊቱ ላይ በብዕር እንደተጫረ መስመር ሆነው ይታያሉ። የሹልዝ ልጆች ከፊትና ከጎን ሲታዩ ፊታቸው እርስ በርሱ የማይገጥም ስለነበር፣ ካሜራውን ዙሪያቸውን ማዞር ሥዕሉን ያፈርሰዋል፤ ሠሪዎቹ ለየአቅጣጫው ሹልዝ የተጠቀመባቸውን አቋቋሞች እየያዙ ይዘላሉ። ስለዚህ ኮምፒውተር የሠራው ሆኖ ወረቀት ይመስላል።

ድክመቱ? ክፉ የለውም፣ ታሪኩም የትንንሽ ክስተቶች ድርድር ነው። አዲስ የመጣች ልጅ አለች፣ ቻርሊ ብራውን ሊቀርባት ይፈልጋል፣ ሙከራው ይከሽፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ፈጣን ፊልም የለመደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ሊነሣ ይችላል። መሃል መሃል ላይ ስኑፒ በውሻ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን የጀርመኑን አብራሪ «ቀዩን ባሮን» ሲያሳድድ ፊልሙ ይነቃቃል፣ ቃልም አያስፈልገውም። በእኩዮቹ መሳለቅ ለሚጎዳ ልጅ በቻርሊ ብራውን ላይ የምትሳለቀው የሉሲ ንግግር አንዳንዴ ይከብዳል፤ ከዚህ ሌላ ወላጅን የሚያሰጋ ነገር የለውም።

ሲፈልጉት ርዕሱ ላይ ይጠንቀቁ፤ በአንዳንድ አገሮች የስኑፒና የቻርሊ ብራውን ስም ቀድሞበት ተሽጧል።

ስመርፎች፦ የጠፋው መንደር

ስመርፎቹን ቤልጂጋዊው ሠዓሊ ፔዮ በ1958 ፈጠራቸው፤ በስፋት የታወቁት ግን ከ1981 እስከ 1989 በታየው የቴሌቪዥን ካርቱን ነው። ይህ ፊልም ከቅይጦቹ ርቆ ወደ መንደራቸውና ወደ ጫካቸው መልሷቸዋል፣ ክብ ቅርጻቸውና ቀለማቸውም ከሥዕሉ ብዙ አልራቀም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሌሎቹ ሁሉ በጠባያቸው ሲጠሩ ስመርፌት ማን ናት? ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ከስድስቱ በቀላሉ የሚከተለው ታሪክ ይህ ነው፤ ጫካው በቀለምና በእንግዳ ፍጥረት የተሞላ ስለሆነ ቋንቋውን ባይሰማም ይከተላል። ለአዋቂ ግን ብዙ የተረፈው ነገር የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ክፉው ጋርጋሜል ስመርፌትን የሠራት ከሸክላ ነው፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ወደ ሸክላነት ትመለሳለች፤ መንደሩ ሁሉ ከቧት ያለቅሳል። ትንሽ ልጅ ይህን የሚረዳው እንደ ሞት ነው። በመልካም እንደሚያበቃ አስቀድሞ መንገር ፊልሙን አያበላሽበትም።

ሚስተር ፒቦዲና ሸርማን

መነሻው በ1959 በጀመረው የሮኪና ቡልዊንክል ፕሮግራም ውስጥ ይታዩ የነበሩ የጥቂት ደቂቃ ካርቱኖች ናቸው። ሊቅ ውሻ በጉዲፈቻ የሚያሳድገውን ልጅ በጊዜ መኪና ይዞት ይጓዛል፦ የፈረንሳይ አብዮት፣ የቱታንካሙን ግብፅ፣ የዳ ቪንቺ ፍሎረንስ፣ የትሮይ ፈረስ። የታሪክ ስሞችን የሰማ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጅ ይደሰትበታል፣ ያልሰማው ግማሹ ያልፈዋል። የታሪክ ትምህርት ነው ብሎ የሚያሳይ ወላጅ ግን ይሳሳታል፤ ቀልዱ የተሠራው ታሪኩን በማጣመም ነው።

የንግግር ጥገኝነቱ ከስድስቱ ከፍተኛው ነው። ፒቦዲ በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ይናገራል፣ የግርጌ ጽሑፍም ያንን ማዳን አይችልም። ሌላው ልብ መባል ያለበት፣ አንዲት ባለሥልጣን ልጁን ከአሳዳጊው ልትነጥቅ ትሞክራለች። በጉዲፈቻ ለሚያድግ ልጅ ይህ በአብዮቱ ክፍል ከሚታየው አንገት መቁረጫ፣ ከጊሎቲኑ፣ ይበልጥ የሚያስፈራ ስለሆነ መጀመሪያ ወላጅ ብቻውን ይየው።

ጋርፊልድ

ሠዓሊው ጂም ዴቪስ በ1978 የጀመረው ድመቱ ጋርፊልድ ዋና ሥራው አለመንቀሳቀስ ነው። ፊልሙ ደግሞ ከጠፋ አባቱ ጋር አገናኝቶ ከወተት እርሻ ሊያሰርቀው ይወስደዋል። ለልጆች ይሠራል፦ መውደቅ፣ መጋጨት፣ ውሻው ኦዲ አንድም ቃል ሳይናገር የሚሠራው ተንኮል። ሰነፉንና ምላሱ ስል የሆነውን ድመት የሚፈልግ አዋቂ ግን ስሙን እንጂ እሱን አያገኘውም። የንግድ ምልክቶችም በግልጽና ደጋግመው ብቅ ይላሉ። ግልገል ሳለ በዝናብ ብቻውን የሚቀርበት መክፈቻ ትንሽ ያሳዝናል፣ ግን አጭር ነው።

የቲንቲን ጀብዱዎች

ቤልጂጋዊው ሠዓሊ ኤርዤ የወጣቱን ጋዜጠኛ የቲንቲንን ታሪክ የጀመረው በ1929 ነው፤ የፊልም ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ከሦስት መጻሕፍት ቀላቅሎ ፊልም አደረገው። ከሌሎቹ የሚለየው ተዋንያን ምልክት የተለጠፈበት ልብስ ለብሰው የተጫወቱት እንቅስቃሴና የፊታቸው ገጽታ ወደ ኮምፒውተሩ አካል የተላለፈ መሆኑ ነው። ቆዳው የእውነት ሰው፣ አፍንጫው የካርቱን ሆኗል። አንዳንዱ ተመልካች በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ይከነክነዋል፤ ከመክፈልዎ በፊት አጭር ቁራጭ ቢያዩ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንደ ጀብዱ ፊልም ከሁሉ የሚያይል ነው። የባሕር ላይ ውጊያው፣ በባጋር ከተማ ሳይቆረጥ የሚወርደው ረጅም ማሳደድ ለአሥር ዓመት ልጅም ለአያትም ይሆናል። ሽጉጥና ሞት ግን አለው፣ ካፒቴን ሃዶክም አብዛኛውን ጊዜ ሰክሮ ነው የሚገኘው፤ ስካሩ ለቀልድም ለታሪኩም ይጠቅማል። ከስምንት ዓመት በታች አንመክረውም። መጨረሻው ለቀጣይ ክፍል በሩን ክፍት ይተዋል፣ ቀጣዩ ግን አልመጣም።

ሰንጠረዥ

| ፊልም | ርዝመት በደቂቃ (ገደማ) | የምንመክረው ዕድሜ | አስፈሪነት | በንግግር ጥገኝነት | ለድሮው ቅርበት |
|---|---|---|---|---|---|
| ፒነትስ (2015) | 88 | ከ4 ጀምሮ | በጣም ዝቅተኛ | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ስመርፎች (2017) | 90 | ከ4 እስከ 8 | ዝቅተኛ፣ አንድ ከባድ ሐዘን | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| ጋርፊልድ (2024) | 101 | ከ5 ጀምሮ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ስኩብ (2020) | 94 | ከ6 ጀምሮ | መካከለኛ | መካከለኛ | መልኩ ከፍተኛ፣ ታሪኩ ዝቅተኛ |
| ፒቦዲና ሸርማን (2014) | 92 | ከ7 ጀምሮ | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| ቲንቲን (2011) | 107 | ከ8 ጀምሮ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ታሪኩ ከፍተኛ፣ መልኩ አከራካሪ |

ዕድሜዎቹ የእኛ ግምት ናቸው፤ የራስዎን ልጅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ለማን የቱ?

በአንድ ክፍል የአራትና የአሥር ዓመት ልጆች አብረው የሚቀመጡ ከሆነ ፒነትስ ይሻላል። ትንሹን አያስፈራም፣ ትልቁን የአውሮፕላኑ ክፍል ይይዝለታል። ካልሆነ ጋርፊልድ፤ ምርጥ ባይሆንም ማንንም አያስለቅስም። ትንንሾች ብቻ ከሆኑ ስመርፎች። ድሮ ስኩቢን ያየ ወላጅ ያንን ጣዕም ለልጁ ማሳየት ከፈለገ መጀመሪያ ከ1969ኙ ተከታታይ አንድ ሁለት ክፍል ያሳየውና ስኩብን ከዚያ በኋላ ያምጣው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልጁ የድሮውን ዝግተኛነት አይታገሥም። የፊልሙን ቋንቋ ለማይሰማ ልጅ ፒቦዲን ይተዉት፣ በሚገባው ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ ከሌለው በቀር።

ወጪን በተመለከተ የግዢውን ዋጋ ለኪራዩ ያካፍሉ። መልሱ ሦስት ከሆነ፣ ጥያቄው ልጁ ከሦስት ጊዜ በላይ ያየዋል ወይ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የወደደውን አሥር ጊዜ ያያል፤ ስለዚህ ስመርፎችንና ፒነትስን መግዛት ያዋጣል። ስኩብ፣ ጋርፊልድና ፒቦዲ ባብዛኛው ለአንድ ምሽት ኪራይ ይበቃሉ። የዲጂታል ኪራይ በብዙ መደብሮች 30 ቀን ውስጥ መጀመር፣ ከጀመሩ በኋላ ደግሞ በ48 ሰዓት መጨረስ ይጠይቃል፤ ልጁ መሃል ላይ ቢተኛ ለነገ ይደርሳል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ግን አይደርስም። በወርሃዊ ክፍያ የሚታይበት አገልግሎት ካለዎት ፊልሙ ዛሬም እዚያ መኖሩን አስቀድመው ይፈልጉ፣ ፊልሞች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉና።

ዲስክ ከሆነ የአካባቢ ኮዱን ሳያዩ አይክፈሉ። ዲቪዲ ከ1 እስከ 6 በቁጥር፣ ብሉ-ሬይ ደግሞ በኤ፣ በቢና በሲ ፊደል ይለያል፤ የማጫወቻው ኮድ ካልገጠመ ዲስኩ አይከፈትም። ለ4ኬ፣ ማለትም ከ2ኬ ይበልጥ ለጠራው የምስል ጥራት፣ ተጨማሪ መክፈልም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ በ2010ዎቹ የተሠሩ ብዙ አኒሜሽኖች የመጨረሻ ቅጂያቸው 2ኬ ነው፣ ትልቁ 4ኬ ከዚያ የተለጠጠ ነው።

ከማስጀመርዎ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ

አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ማስተካከያ ከፋብሪካ ተከፍቶላቸው ይመጣሉ። በሁለት ምስሎች መሃል የራሱን ምስል ፈጥሮ ያስገባል። ፒነትስ ላይ ይህ ጥፋት ነው፤ ሆን ተብሎ የተያዘውን አቋቋም ቀልጦ እንደሚንሸራተት ያደርገዋል፣ የፊቱ መስመሮችም በጠርዛቸው ይቀባባሉ። በሥዕል ማስተካከያው ውስጥ ያጥፉት፣ ወይም የሥዕሉን ዓይነት «ሲኒማ» ላይ ያድርጉት። ንግግሩ በሙዚቃው ተውጦ ከተሰማ፣ የተመረጠው ድምፅ ለስድስት ድምፅ ማጉያ የተዘጋጀው ይሆናል፤ ቴሌቪዥኑ ሁለት ብቻ ካለው ወደ ስቴሪዮ ይቀይሩት። የስኩብ የመጨረሻ ክፍልና የቲንቲን የመርከብ ሌሊት በቀን ብርሃን ጥቁር በጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ ብርሃኑን ከመጨመር መጋረጃውን መሳብ ይሻላል።